የእማማ ውዴ ምስክርነት

እንድሪያስ አለመወለዱን የሰማው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የነገረችው ልጅ ልትሰድበው ፈልጋ አልነበረም። ጅቡቲ ከተማ፣ ሀራሙስ ሰፈር ያሉትን ቪላዎች የሚያስጠብቀው ድርጅት አዲስ ባለቤት አግኝቶ ነበርና ዘበኞቹ ሁሉ የመታወቂያ ቁጥራቸውን እንዲያስመዘግቡ ታዘዘ። እሱም ተራውን ጠብቆ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። ልጅቷ ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፤ የአባቱን ስም ጨመረች፤ የአያቱንም ጠየቀች። ከዚያ ቀና ብላ በሶማልኛ፣ «አባባ፣ እዚህ ከተማ እርስዎ የሚባል ሰው አልተወለደም» አለችው።

እንድሪያስ ከደረት ኪሱ አንድ ካርድ አወጣ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ በነበረበት ጊዜ የተሰጠ፣ የቤተሰቡ ስም የተዘረዘረበት፣ አራት ቦታ ላይ በፕላስተር የተጣበቀ ካርድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ ካርድ ነው የኖረው። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመው ያሳያል፤ ፖሊሱም የድሮውን ባቡር ሥዕል አይቶ ይስቅና ይለቀዋል። ልጅቷም ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን የወሩን መጨረሻ ቀን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችለት። እስከዚያ ቀን የልደት ማስረጃ ካላመጣ ሥራውን ይለቃል፤ ከሥራው ጋር በሩ አጠገብ ያለችውን የሚተኛባትን ክፍልም ይለቃል። ያለ ወረቀት ውጭ የተገኘ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ያውቃል፤ መኪና ላይ ተጭነው ወደ ድንበር ሲወሰዱ አይቷል። ድንበሩን የተሻገረ ኢትዮጵያ ነው። እንድሪያስ ኢትዮጵያን አንድ ጊዜ አይቷታል፤ ድሬዳዋን፣ በሰባት ዓመቱ፣ ለሦስት ቀን።

ሳይመዘገብ የቀረበትን ምክንያት ከእናቱ አፍ ሲሰማ ነው ያደገው። የተወለደው በባቡር ሠራተኞች ግቢ፣ እቤት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ በፈረንሳዮቹ ሕግ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። አባቱ አቶ ጋሻው ግን ያልተጠመቀ ልጅ ስም የለውም፣ ስም የሌለውን ልጅ ምን ብዬ ላስመዝግብ ብለው አርባ ቀኑን ጠበቁ። በአርባኛው ቀን ልጁ ክርስትና ተነሣ። በአርባ አንደኛው ቀን አባትዬው የተተኮሰ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው መዝጋቢው ዘንድ ሄዱ። መዝጋቢው ጊዜው አልፏል፣ አሁን የሚቻለው በፍርድ ቤት ነው አላቸው። አቶ ጋሻው ደግሞ ፍርድ ቤት የሰረቀ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ዛሬ ነገ ሲሉ ጡረታ ወጡ፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ሞቱ። የቤተ ክርስቲያኑን የጥምቀት መዝገብም የባሕሩ እርጥበት በልቶት ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ገጽ አልተገኘም።

ስለዚህ አባት የፈሩት ቦታ ልጅ ሄደ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ላይ ሙሕሲን የሚባል ማመልከቻ ጻፊ ጃንጥላ ዘርግቶ ይቀመጣል። ድሬዳዋ ያደገ የመናዊ ነውና አማርኛ እንደ ውኃ ይጠጣዋል። የእንድሪያስን ነገር ካዳመጠ በኋላ ቀላል ነው አለው። ፍርድ ቤቱ ምስክር ሰምቶ፣ ይህ ሰው በዚህ ቀን እዚህ ተወልዷል ብሎ ይፈርዳል፤ ያ ፍርድ እንደ ልደት ወረቀት ያገለግላል።

«ሁለት ምስክር ነው የሚያስፈልግህ» አለ። «በዕድሜ የሚበልጡህ፣ የሥጋ ዘመድህ ያልሆኑ፣ ስትወለድ እዚህ የነበሩ።»

እንድሪያስ በጣቱ ሊቆጥር ጀመረና ተወው።

«ሰው የለህም?»

ሙሕሲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገጩ ወደ ግንቡ ጥላ አመለከተው። ሁለት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

«እነዚያን አየሃቸው? የግማሹ ከተማ ሰው ሲወለድ አጠገቡ ነበሩ።»

ብሎ ሳቀና ሳቁን መልሶ ዋጠው። አዲስ የተሾመችው ዳኛ የሁለቱን ፊት ለይታ እንዳወቀች፣ ባለፈው ወር በእነሱ ምስክርነት የመጡ ሦስት አመልካቾች ሦስቱም እንደ ወደቁ፣ አሁን ምስክር ሁሉ አንድ በአንድ እየቆመ እንደሚመረመር ነገረው። «ዘንድሮ እውነተኛ ሰው ያስፈልጋል» አለ፤ ነገሩ ያሳዘነው ይመስል ነበር።

እንድሪያስ ሀራሙስ ተመልሶ በሩ ላይ ተቀመጠና የልጅነት ግቢውን ቤት በቤት እያሰበ ሰው ፈለገ። ከመጀመሪያው ቤት የነበሩት ፈረንሳይ ሄደዋል። የሁለተኛው ቤት አባወራና እመቤት አርፈዋል፤ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው ይባላል። ሦስተኛው፣ አራተኛው ቤት እንዲሁ። የባቡሩ ሐዲድ ሲተው ሰዉም እንደ ሐዲዱ ጠፍቷል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በሕይወት ያሉና ከተማዋን ያልለቀቁ ሁለት ብቻ ቀሩ። አንዱ አቶ ታፈሰ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ እማማ ውዴ ናቸው። የእማማ ውዴ ስም ወደ ልቡ ሲመጣ ተነሥቶ ያልቆሸሸውን በር ይወለውል ጀመር።

መጀመሪያ ወደ ቀላሉ ሄደ። አቶ ታፈሰ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር፣ ከልጃቸው ከዝማሬ ጋር ይኖራሉ። ዐይናቸው ሞራ ጋርዶት ሰው የሚለዩት በእጃቸው ነው። የእንድሪያስን ፊት ዳሰው ዳሰው፣ አፍንጫህ የጋሻው ነው ብለው አለቀሱ። እመሰክራለሁ፣ እንዲያውም ለአባትህ ለራሱ እመሰክራለሁ አሉ። አዛውንቱ ጅቡቲ የመጡት እንድሪያስ ከተወለደ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ የታወሰው እንድሪያስ ከቤታቸው ከወጣ በኋላ ነው። ስለ መወለዱ የሚናገር ሰው፣ በዚያ ቀን በዚያ ግቢ የነበረ ሰው፣ አንድ እማማ ውዴ ብቻ ናቸው።

የእማማ ውዴ ልጅ ሽመክት ይባል ነበር። ከእንድሪያስ በሁለት ዓመት ያንሳል። በአንድ ግቢ አደጉ፤ ከአንድ ትሪ በሉ፤ ባሕር መዋኘት ያስተማረው እንድሪያስ ነው፣ ፊደል ያስቆጠረውም እንድሪያስ ነው። ካደጉ በኋላ አንዱ ወደብ ገባ፤ አንዱ የሰው በር መጠበቅ ጀመረ። ቢሆንም ሽመክት በዓል በመጣ ቁጥር ሀራሙስ ድረስ መጥቶ በሩን ሳያንኳኳ አይቀርም ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሽመክት ሞተ። እንድሪያስ ወሬውን የሰማው በስልክ፣ በሥራ ሰዓት ነው። የቪላው ሰዎች ወደ አገራቸው ሄደው ስለነበር ቤቱን ጥሎ መውጣት አልቻለም። ነገ እሄዳለሁ አለ። በማግስቱ የሚተካው ሰው አልመጣም። ሦስተኛው ቀን አለፈ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚመጣ ሰው ምክንያት ይዞ ነው የሚመጣው፤ እንድሪያስ ደግሞ ሰው ፊት ምክንያት መናገር የማይሆንለት ሰው ነው። ለሰባቱ እሄዳለሁ አለ፤ ቀረ። ለአርባው እሄዳለሁ አለ፤ በአርባው ቀን ሸሚዙን ለብሶ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሄደና ተመለሰ። ሰማንያው አለፈ፤ ሙት ዓመቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ እማማ ውዴ የሚኖሩበትን ሰፈር፣ ካርቲየ 4ን፣ መርገጥ ተወ። ቤተ ክርስቲያንም ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ሄዶ አጥሩን ተሳልሞ ይመለሳል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሠርግ ላይ ምን ፊት ይዞ ይቆማል? ሠርጉንም ተወ። ከአንድ ለቅሶ ቀርቶ ከዚያ በኋላ ከሰው ሁሉ ቀረ። ቀን በቀን የሚያነጋግረው ሰው መኪናውን ሲያስገባ ጥሩምባ የሚነፋው የቪላው ሾፌር ብቻ ነበር፤ እሱም የሚያናግረው በጥሩምባው ነው።

አሁን ግን ቀኑ እየገፋ ነው። አርብ ዕለት ሁለት ኪሎ ስኳርና ፓስታ ገዝቶ ካርቲየ 4 ወረደ። እማማ ውዴ የሚኖሩት ነጃት የምትባል ሴት ምግብ ከምትሸጥበት ቤት ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እንደ ወጉ ቢሆን ከበሩ ጀምሮ እያለቀሰ መግባት ነበረበት። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ይህንኑ ሲያስብ ነበር። እንባው ደርሶም ነበር። በሩ ላይ ሲቆም ግን ደረቀ።

«እማማ፣ እንድሪያስ ነኝ» አለ።

«እንድሪያስ ማን?»

«የባቡሩ፣ የአቶ ጋሻው ልጅ።»

እማማ ውዴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ዐይናቸው እንደ አቶ ታፈሰ ዐይን አይደለም፤ መርፌ ያስገባል።

«ይቀመጡ» አሉት።

አዝለው ያሳደጉት ሴት ናቸው ይቀመጡ ያሉት። እንድሪያስ የተዘጋጀበት ስድብ ነበር፤ ቢሰድቡት ጉልበታቸው ላይ ይወድቅ ነበር። እሳቸው ግን ለእንግዳ እንደሚደረገው ውኃ አቀረቡለት፤ ሙቀቱ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት፤ ሙቀቱ ደህና ነው አለ። ግድግዳው ላይ ሽመክት በወደብ ሠራተኛ ቆብ ይስቃል። እንድሪያስ ፎቶውን ማየት ፈራና ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ ወሩ መጨረሻ፣ ስለ ሁለቱ ምስክር የሚናገረውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ስለ ሽመክት አንድ ቃል ሳይናገር ወረቀቱን ለመነ። ስህተቱን ያወቀው ዝም ካለ በኋላ ነው፤ ግን ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም።

«ለዚህ ነው የመጡት?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ሰው አልምልም።»

እንድሪያስ ተነሥቶ እጅ ነሥቶ ወጣ። ነጃት ከኋላው እየሮጠች መንገዱ ላይ ደረሰችበትና ፌስታሉን አቀበለችው። «አባባ፣ ስኳሩን ረሱት ብለዋል» አለች፤ እንዳልረሳው እሷም ታውቃለች።

ሰኞ ዕለት ሙሕሲን ማመልከቻውን ሲጽፍ ሁለተኛዋ ምስክር ተስማምታለች ወይ ብሎ ጠየቀው። እንድሪያስ አንገቱን ደፍቶ፣ ተስማምተዋል አለ። ስማቸውን ሳያስፈቅዳቸው አስጻፈ። መጥሪያው ማኅተም ተመትቶበት ካርቲየ 4 ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከካርቲየ 4 መስሎት ቶሎ አያነሣውም ነበር፤ የሚደወለው ግን በስህተት ነው።

ችሎቱ የዋለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ውኃውን ባልዲ ውስጥ ያንጠባጥባል። ከእንድሪያስ በፊት ብዙ ጉዳይ ታየ። ሁለት ወንድማማቾች ስለ አንድ ግንብ ተከራከሩ፤ አንዲት ሴት ከባሏ መፋታት ፈለገች፤ አንድ ሾፌር የሰው ፍየል ገጭተሃል ተብሎ ቀረበ። እያንዳንዱ ተከራካሪ ሲጠራ ከኋላው ስምንት ዘጠኝ ሰው አብሮት ይነሣል፤ አጎት፣ አማት፣ ጎረቤት። ለፍየሏ ባለቤት እንኳ አሥራ ሁለት ሰው ተነሣ። የእንድሪያስ ስም ሲጠራ ግን የተነሣው እንድሪያስ ብቻ ነበር። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱት፤ የቀረ ሰው ካለ እንደሚጠብቁ ሁሉ ትንሽ ቆዩ።

አስተርጓሚው ከይረዲን የሚባል ቀጭን የሐረር ሰው ነው። ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም ይባልለታል። አቶ ታፈሰን ዝማሬ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ቃለ መሐላ ፈጽመው ሲያበቁ ዳኛዋ አመልካቹን ያውቁታል ወይ ብለው ጠየቁ። አዛውንቱ እንዴታ ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዱና የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ እጅ ያዙ።

«አይዞህ እንድሪያስ ልጄ» አሉት። «አባትህ ቢኖር በኮራብህ።»

አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊው የሃያ አምስት ዓመት የአፋር ልጅ ነው። ዳኛዋ አልሳቁም። አቶ ታፈሰን በአክብሮት አስቀመጧቸውና፣ አቶ ጋሻው የሚባል የባቡር ሠራተኛ ወንድ ልጅ እንደነበረው ምስክሩ ተናግረዋል፣ ያ ልጅ ይህ ሰው ስለመሆኑ ግን ሊያረጋግጡ አልቻሉም ብለው አስጻፉ። ከዚያ ሁለተኛዋ ምስክር እንዲገቡ አዘዙ።

በር ላይ ያለው ፖሊስ የእማማ ውዴን ስም ጠራ። ማንም አልገባም። ደግሞ ጠራ። እንድሪያስ የባልዲውን ጠብታ መቁጠር ጀመረ። በሦስተኛው ጥሪ ላይ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ አሮጊት በነጃት ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ለማንም ሳይሆን ለአዳራሹ ሁሉ፣ «እኔ ተጠርቼ የምቀር ሰው አይደለሁም» አሉ። ከይረዲን ይህን አልተረጎመውም።

ይማሉ ሲባሉ አልምልም አሉ። የማውቀውን እናገራለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፣ ከዚህ የበለጠ መሐላ የለኝም አሉ። ዳኛዋ ጥቂት አሰቡና እውነት ለመናገር ቃል መግባታቸው ይበቃል ብለው ፈቀዱ።

«ይህ ሰው ሲወለድ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

እንድሪያስ ዐይኑን ጨፈነ።

«ያላገባች ልጅ ምጥ ካለበት ቤት አትገባም» አሉ እማማ ውዴ። «ያኔ ገና ሃያ ዓመቴ ነው። ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ቆሜ ነበር። እልልታውን ቆጠርሁ። ሰባት ጊዜ ነው። ሴት ብትሆን ሦስት ይሆን ነበር።»

ከይረዲን ይህን ለማስረዳት ብዙ ፈረንሳይኛ ፈጀ። ዳኛዋ ጸሐፊውን ሳይጠብቁ ሰባት ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉ። ቀኑን ጠየቁ። እማማ ውዴ ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው አሉ። ዓመቱን ሲጠየቁ ቁጥር አልጠሩም። ያ የፈረንሳዮቹ ትልቅ ሰው መጥቶ፣ ሰልፍ ወጥቶ፣ ከተማው የታወከ ሰሞን ልጁ ገና እንዳልተጠመቀ፣ ተኩሱ ሲሰማ አራሷን ከነልጇ አልጋ ሥር ያስገቧት እሳቸውና የግቢው ሴቶች እንደነበሩ ተናገሩ። ያን ዓመት በዚህ ከተማ የማያውቀው የለም። ከይረዲን በጣቱ ቆጠረና የፈረንጁን ቀን ተናገረ፤ ጸሐፊውም ጻፈ።

«መልካም» አሉ ዳኛዋ። «ልጅ ተወልዷል። አሁን የምጠይቅዎ ስለዚህ ስለቆመው ሰው ነው። ከዚህ ወር በፊት መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«ወሬውንስ ይሰሙ ነበር? ይጠይቅዎት ነበር?»

«አይጠይቀኝም።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። በሌላ ሰው ስም ወረቀት የሚያወጣ ሰው እንደበዛ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ሰው እንደሚለወጥ፣ በእርግጥ የማያውቁት ከሆነ ይህንኑ ቢናገሩ ማንም እንደማይወቅሳቸው በቀስታ አስረዱ። ከይረዲን ሁሉንም ተረጎመላቸው።

እማማ ውዴ እጃቸውን ከነጃት ትከሻ ላይ አነሡ። እንድሪያስ እግሩ ሥር ያለውን የተሰነጠቀ ሸክላ ብቻ ያያል። አላውቀውም ቢሉ ሐሰት ነው ማለት እንደማይችል አሰበ። አንዲት ቃል ናት፤ ያቺን ቃል ለመናገር ደግሞ ከእሳቸው የበለጠ መብት ያለው ሰው የለም።

«ልጄ የሞተ ጊዜ» አሉ እማማ ውዴ፣ «ሦስት ቀን ወደ በሩ ዞሬ ተቀመጥሁ። ስንት ሰው ገባ መሰለሽ ልጄ። ከወደብ መጡ፣ ከባልባላ መጡ፤ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው አለቀሱልኝ። ማን ማን እንደመጣ ዛሬ ብትጠይቂኝ ረስቼዋለሁ። የቀረውን ግን አልረሳሁትም። በአራተኛው ቀን ጎረቤት ድንኳኑን ሊያፈርስ ሲነሣ፣ ቆዩ እንድሪያስ አልመጣም ብዬ አስቆምኋቸው። እስከ ማታ ድንኳኑ ባዶውን ዋለ።»

ትንፋሽ ወሰዱ።

«የማያውቁትን ሰው ቀረ ብሎ የሚቀየም አለ? አሥራ አንድ ዓመት የተቀየምሁት እሱን ነው። ይኸው ቆሟል። እሱ ነው።»

ከይረዲን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገው፤ ከዚያ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው። ዳኛዋም የዚያው ከተማ ልጅ ናቸው፤ በእሳቸውም ቤት ለቅሶ የቀረ ሰው ስሙ አይረሳም። ለጸሐፊው ሲያስጽፉ ድምፃቸው እንደቀድሞው ነበር። ምስክሯ አመልካቹን በእርግጥ ለይተው ያውቁታል ብለው አስጻፉና ለውሳኔ ከሳምንት በኋላ ቀጠሩ።

ደረጃው ላይ እንድሪያስ ደረሰባቸው። ነጃት ታክሲ ልትጠራ ወርዳ ነበር። ምን እንደሚል አላሰበም ነበርና ይቅርታ የሚለውን ቃል ጀምሮ አልጨረሰውም። እማማ ውዴ አንድ እጃቸውን የደረጃው ብረት ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

«ወረቀትህ ይደርስልሃል» አሉ።

«እማማ፣ ልምጣ?»

«በሬ አይቆለፍም። እኔ ግን ወደ በሩ ዞሬ መቀመጥ ትቻለሁ።»

ታክሲው መጣ። እንድሪያስ በሩን ከፈተላቸው፤ ይህ የለመደው ሥራ ነው።

ፍርዱ ከሳምንት በኋላ ወጣ። አንድ ገጽ ነው፤ ከታች ክብ ማኅተም አለው። የጋሻው ልጅ እንድሪያስ ጅቡቲ ከተማ መወለዱን ይናገራል። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ሁለት ጊዜ አነበበው። ለአጠገቡ ሰው ሊያሳየው ፈለገ፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ተኝታ ነበር።

ድርጅቱ ቢሮ ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ፣ «እንኳን ተወለዱ፣ አባባ» አለችው፤ እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ የሚሞላ ቅጽ ሰጠችው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፤ ሁሉንም ከፍርዱ ላይ እያየ በጥንቃቄ ሞላ። መጨረሻው መስመር ላይ፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው የሚል ነበር። እዚያ ላይ እጁ ቆመ። ባዶ ልተወው ወይ ብሎ ጠየቃት። ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አይቀበልም አለችው። ብዙ ካሰበ በኋላ የራሱን ስም ደግሞ ጻፈና የራሱን ስልክ ቁጥር አስከተለ። ልጅቷ አየችው፤ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው።

አርብ ዕለት በባዶ እጁ ካርቲየ 4 ወረደ። የነጃት ምግብ ቤት ገበያ ደርቶበት ነበር፤ በሰዉ መካከል አንገቱን ደፍቶ አለፈ። የእማማ ውዴ በር ገርበብ ብሏል። እሳቸው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የታጠበ ልብስ ያጣጥፋሉ። የእግሩን ኮቴ ሰምተዋል፤ አልዞሩም። ግባም አላሉት፣ ሂድም አላሉት። እንድሪያስ ጫማውን አውልቆ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ከጓሮ የነጃት መጥበሻ ይንጫጫል። አንድ ቀሚስ ታጠፈ፤ አንድ ነጠላ ታጠፈ።

«እማማ» አለ። «ሽመክት ምን አሞት ነበር?»

ይህ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የእማማ ውዴ እጅ ልብሱ ላይ ቆመ። እንድሪያስም መልስ የለም ብሎ ጫማውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«ሰኞ ነው የጀመረው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ከሥራ ሲመጣ ራሴን አለኝ። ውኃ አሞቅሁለት…»

እንድሪያስ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እሳቸውም ከሰኞ ጀምረው፣ ምንም ሳያስቀሩ፣ ነገሩት።